«ጉድጓድ ቆፈርን» ወይስ «አስቆፈርን»? የእንግሊዝኛው «ሃቭ» በእውነተኛ ዓረፍተ ነገር ውስጥ

ሪፖርት ጸሐፊ፣ ከሐዋሳ

ሰላም ለመድረኩ አባላት። በአንድ የገጠር ውኃ ፕሮጀክት ውስጥ የምሠራ ሲሆን፣ በየሦስት ወሩ ለለጋሾች የሚላከውን የእንግሊዝኛ ሪፖርት የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ባለፈው ሩብ ዓመት ሪፖርት ላይ «ዊ ድሪልድ ስሪ ዌልስ» ብዬ ጻፍኩ። በልቤ የነበረው «ሦስት ጉድጓድ አስቆፈርን» የሚለው ነው፤ ቁፋሮውን የሠራው ጨረታ ያሸነፈ ሥራ ተቋራጭ መሆኑን በቢሮአችን የማያውቅ ሰው የለም። ሪፖርቱ ከደረሳቸው ከሁለት ሳምንት በኋላ የመጣው ደብዳቤ ግን የቁፋሮ ማሽኑ በንብረት መዝገባችን ላይ ለምን እንዳልሰፈረ፣ ነዳጁና የቆፋሪዎቹ ደመወዝ ከየትኛው የበጀት ርዕስ እንደ ተከፈለ፣ ጉድጓዱን የቆፈርነው እኛ ከሆንን ደግሞ ለተቋራጭ የወጣው ገንዘብ የምን እንደሆነ የሚጠይቅ ነበር። ውል፣ ደረሰኝና የርክክብ ሰነድ ሰብስበን መልስ እስክንሰጥ ድረስ አሥር ቀን ፈጅቶብናል።

አንድ ባልደረባዬ «ዊ ሃድ ስሪ ዌልስ ድሪልድ» ማለት እንደ ነበረብኝ ነገረኝ። እኔ ግን «ዊ ሃድ ድሪልድ ስሪ ዌልስ» ከሚለው ጋር ይምታታብኛል፤ ቃላቱ አንድ ናቸው፣ ቦታቸው ብቻ ይለያል። በዚህ መልክ የሚመጣውን «ሃቭ» በደንብ የሚያውቅ ሰው ከእውነተኛ አጠቃቀም ጋር ቢያስረዳኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

የእንግሊዝኛ መምህር፣ ከደሴ

ስለ ጥያቄዎ አመሰግናለሁ፤ በክፍል ውስጥ በየዓመቱ የማየው ስሕተት ነውና። የእርስዎ ዓረፍተ ነገር የተበላሸው ከአማርኛው ግሥ ፊት ያለችው «አስ» ወደ እንግሊዝኛው ሲሻገሩ መንገድ ላይ ስለ ቀረች ነው። እኛ በቀን ስንት ጊዜ እንደምንጠቀምባት ልብ ብለን አናውቅም። ጤፍ አስፈጨሁ፣ ሱፍ አሰፋሁ፣ ጫማዬን አስጠረግሁ፣ ጥርሴን አስነቀልኩ፣ ልጄን ክርስትና አስነሳሁ እንላለን፤ እነዚህን የሚሰማ ሰው ተናጋሪው ወፍጮ ያዞራል፣ መርፌ ይይዛል ወይም ቅስና አለው ብሎ አያስብም። ነገሩ እንዲሆን የፈለግሁት፣ ያዘዝኩት ወይም የከፈልኩበት እኔ ነኝ፤ እጁን ያስገባው ግን ሌላ ነው። እንግሊዝኛ ይህን ሐሳብ በግሡ ላይ ቅጥያ በመጨመር ስለማይገልጸው «ሃቭ» የሚለውን ግሥ ያስቀድማል፤ ቀጥሎ ነገሩን ይጠራል፤ ከዚያ በኋላ የተሠራበትን ግሥ በሦስተኛው ቅርጹ ያመጣል። «አይ ሃድ ዘ ጤፍ ግራውንድ»፣ «አይ ሃድ ኤ ሱት ሜድ»፣ «አይ ሃድ ማይ ሹዝ ሻይንድ»፣ «አይ ሃድ ኤ ቱዝ ፑልድ»፣ «አይ ሃድ ማይ ሰን ባፕታይዝድ»። ሱፉን በተመለከተ እኛ «ሰፋ» የሚለውን ግሥ ስንመርጥ እነርሱ «ሜድ» ማለትን እንደሚመርጡ ያስተውሉ።

ያምታታዎት የቃላት ቦታ ግን የትምህርቱ ዋና ነገር ነው። ነገሩ በ«ሃድ» እና በግሡ መካከል ከገባ ሥራውን ሌላ ሰው ሠርቶታል። «ዊ ሃድ ስሪ ዌልስ ድሪልድ» ማለት አስቆፈርን ነው። ግሡ ከ«ሃድ» ጋር ከተጣበቀና ነገሩ ወደ መጨረሻ ከሄደ ግን «ዊ ሃድ ድሪልድ ስሪ ዌልስ» ይሆናል፤ ይህም ሌላ ነገር ከመሆኑ በፊት ራሳችን ቆፍረን ነበር ማለት ነው። ተማሪዎቼ ቃላቱን አውቀው ቦታቸውን ስለሚያቀያይሩ፣ በጥቁር ሰሌዳው ላይ ነገሩን በክብ አስገብቼ «ይህ ክብ የት ተቀመጠ?» እያልኩ ነው የማስጠናቸው።

ሌላም ብርቱ ጉዳይ አለ። በዚህ አገባብ ያለው «ሃቭ» ረዳት ግሥ አይደለም፤ እንደ ማንኛውም ዋና ግሥ ጥያቄና አሉታ ሲሆን «ዱ»ን ይፈልጋል። ስለዚህ «ዲድ ዩ ሃቭ ዩር ካር ሪፔርድ?» እንላለን እንጂ «ሃድ ዩ ዩር ካር ሪፔርድ?» አንልም። «ሃቭ» በ«አይ ኤን ጂ» አይመጣም ተብለው የተማሩ ልጆችም እዚህ ላይ ይደናገራሉ። ያ ሕግ የሚሠራው «ሃቭ» መያዝን ወይም ባለቤት መሆንን ሲገልጽ ነው። መኪናዬን እያሠራሁ ነው ለማለት «አይ አም ሃቪንግ ማይ ካር ሪፔርድ» ትክክል ነው። አሠርቻለሁ ለማለት ደግሞ ሁለት «ሃቭ» ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ «አይ ሃቭ ሃድ ማይ ካር ሪፔርድ» ሲባል የመጀመሪያው ረዳት፣ ሁለተኛው ዋና ግሥ ነው።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ

መምህር፣ ገለጻዎ በጣም ግልጽ ነው። ነገር ግን በፊልምና በቪዲዮ ላይ እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻቸው የሆኑ ሰዎች ፀጉር ቤት ሄደው ሲመለሱ «አይ ከት ማይ ሄር» ሲሉ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ታዲያ እነርሱ ራሳቸው ሕጉን ካልጠበቁት ለፈተና ብቻ ነው ወይ የምናጠናው?

የእንግሊዝኛ መምህር፣ ከደሴ

ጥሩ ሰምተሃል፤ የሰማኸውንም አልክድም። በፀጉር ላይ ብዙ ሰው እንዲህ ይላል፤ ማን ቆረጠልህ ብሎ የሚጠይቅ ስለሌለ ንግግሩ ዘና ብሏል። በአማርኛም «እገሌ ቦሌ ቤት ሠራ» ስንል እገሌ ሲሚንቶ እንዳላቦካ ሁላችንም እናውቃለን፤ «አሠራ» ማለት ቢገባንም «ሠራ» ይበቃናል። እንግሊዝኞቹም በቤት ላይ እንደዚሁ ያደርጋሉ። ይህ ዘና ማለት የሚፈቀደው ግን አድማጩ እውነቱን አስቀድሞ ሲያውቅ ብቻ ነው። «አይ ሪፔርድ ማይ ካር» ብትል መካኒክ ነህ ወይም እጅህ የተባረከ ነው ብለው ያምኑሃል። የሐዋሳው ጠያቂ ችግር የመጣውም አንባቢው ሩቅ አገር የሚኖርና ቢሮውን የማያውቅ ስለሆነ ነው። በፈተና ላይ ደግሞ ሌላ ጠቃሚ ነገር ልንገርህ፤ «ከት» በሦስቱም ቅርጹ አይለወጥምና በፀጉር ምሳሌ ብቻ ያጠና ተማሪ ሦስተኛውን ቅርጽ እንደሚፈልግ ሳያውቅ ይቀራል። ስለዚህ «ቴከን»፣ «ስቶለን»፣ «ሪትን» በሚሉት ተለማመድ።

እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

እዚህ ሜሪላንድ ከመጣሁ ዓመታት ስላለፉኝ በዕለት ኑሮ የምሰማውን ልጨምር። በአሜሪካ በንግግር ላይ ከ«ሃቭ» ይልቅ «ጌት» ይበዛል። «አይ ኒድ ቱ ጌት ማይ ኦይል ቼንጅድ»፣ «ጌት ዩር አይስ ቼክድ»፣ «ዊ ጋት ዘ ሩፍ ፊክስድ» ሲባል ነው ውሎ የሚያልፈው። «ሃቭ» ትንሽ ረጋ ያለና ለጽሑፍ የሚቀርብ ሆኖ ይሰማኛል። «ጌት» ላይ ደግሞ አንዳንድ ጊዜ የመልፋት ስሜት አለበት፤ ከብዙ ምልልስ በኋላ ጣሪያው ተጠገነ እንደ ማለት። ትእዛዝ ሲሆን «ጌት ዩር ሄር ከት» ይላሉ እንጂ «ሃቭ ዩር ሄር ከት» ሲሉ ብዙም አልሰማሁም።

በእኔ ላይ የደረሰውን ልናገር። ጥርሴን ባስነቀልኩ ማግስት ለሌላ ሕክምና ሄጄ ለነርሷ «አይ ፑልድ ማይ ቱዝ የስተርደይ» አልኳት። ጽሕፈቷን አቁማ ቀና ብላ አየችኝ፤ ከዚያም በራሴ እጅ ነቅዬው እንደሆነ፣ በምን እንደነቀልኩት፣ ደሙ ቆሞ እንደሆነ፣ ቤት ውስጥ ደኅና መሆኔንም ጭምር በዝግታ ጠየቀችኝ። ሐኪም ቤት መሆኑን ሳስረዳ ፊቷ ተፈታ። ልቧ የቀና ሴት ነበረች፤ የሰማችው ግን የተናገርኩትን እንጂ ያሰብኩትን አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ሐኪም ፊት ስቀርብ «አይ ሃድ» ብዬ ጀምሬ መጀመሪያ የአካሌን ክፍል፣ ቀጥሎ የተደረገልኝን እናገራለሁ።

ነገር ግን የእኛን «አስ» ባየን ቁጥር «ሃቭ» ማምጣትም ስሕተት ላይ ይጥላል። «ልጄን ትምህርት ቤት አስመዘገብኩ» የሚለውን «አይ ሃድ ማይ ዶተር ሬጅስተርድ» ቢሉት ሰው ይገባዋል፤ ሌላ ሰው ልኬ ያስመዘገብኳት ግን ያስመስላል። «አይ ኤንሮልድ ማይ ዶተር» ይበቃል። የልደት ወረቀቷን ግን በእውነት ሌላ ሰው ስለ ተረጎመው «አይ ሃድ ኸር በርዝ ሰርቲፊኬት ትራንስሌትድ» አልኩ፤ አስተረጎምኩ ማለት ነው። ራሴ ብተረጉመው ኖሮ ይህን ማለት ውሸት ይሆን ነበር።

እህት፣ ከዱባይ

እናንተ ስለ መናገር ስትወያዩ እኔ ስለ መስማት ልጻፍ። በቤት ሠራተኝነት ስኖር ይህ ሰባተኛ ዓመቴ ነው። በመጀመሪያው ዓመት እመቤቴ ከመንገድ ደውላ «ሃቭ ዘ ካርፔትስ ክሊንድ ቢፎር ፍራይደይ» አለችኝ። የሰማሁት ምንጣፍ፣ ማጽዳትና ዓርብ የሚሉትን ሦስት ቃላት ነበር። አራቱን ምንጣፎች አንድ በአንድ እየጎተትኩ ወደ በረንዳ አውጥቼ በሳሙናና በብሩሽ አጠብኳቸው። የሱፍ ምንጣፍ ውኃ ሲጠጣ ምን ያህል እንደሚከብድ የሞከረው ያውቀዋል፤ ሁለት ቀን ወገቤን ይዤ ዋልኩ። የትልቁ ምንጣፍ ቀይ ቀለም ወደ ነጩ ለቀቀ። እመቤቴ ስትመለስ የምንጣፍ እጥበት ቤቱን ስልክ ቁጥር ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፋልኝ እንደ ነበር አሳየችኝ። አጥቢ ማለቷ አልነበረም፤ አሳጥቢ ማለቷ ነበር።

ከዚያ በኋላ በጥንቃቄ ሳዳምጥ የተረዳሁት፣ በ«ክሊን» እና በ«ክሊንድ» መካከል ያለችው የመጨረሻዋ «ድ» በፈጣን ንግግር ውስጥ ፈጽሞ የማትሰማ መሆኗን ነው። በእርሷ መተማመን አይቻልም። ጆሮዬ የሚይዘው ቅደም ተከተሉን ነው። «ክሊን ዘ ካርፔትስ» ከተባልኩ ሥራው የእኔ ነው፤ ግሡ ቀድሞ መጥቷል። «ሃቭ ዘ ካርፔትስ» ብሎ ዕቃው ከቀደመ ግን ሰው መጥራት አለብኝ። «ጌት ዘ ኤሲ ፊክስድ» ስባልም መፍቻ አላነሣም፤ ለጥገና ሰው እደውላለሁ። አዲስ ለሚመጡ እህቶች ከቀለማትና ከምግብ ስም ቀድሜ የምነግራቸው ይህንን ነው።

የእንግሊዝኛ መምህር፣ ከደሴ

እህቴ፣ ይህን ያህል ዓመት ሳስተምር የ«ድ»ን አለመሰማት በዚህ መልክ አላሰብኩትም። ክቡን ለመጻፍ ብቻ እጠቀምበት ነበር፤ ከነገ ጀምሮ ጽሑፉን ሸፍኜ በጆሯቸው ብቻ እንዲለዩ አደርጋለሁ። ስላካፈልሽን እግዚአብሔር ይስጥሽ።

አርታኢ፣ ከአዲስ አበባ

የድርጅት ሪፖርቶችን የማረም ሥራ ላይ ስለሆንኩ፣ ከ«አስ» የሚመነጭ ከዚህ የከፋ ስሕተት እንዳለ ላሳስብ። እስካሁን የተነጋገርነው ነገሩን አስቀድመን ሠሪውን ስለምንተውበት አገባብ ነው። ሠሪው ሰው በስም ሲጠራ ግን ብዙ ጸሐፊዎች «ሜክ» ወደሚለው ግሥ ይሮጣሉ። «ገበሬዎቹን ቦይ አስቆፈርን» የሚለው «ዊ ሜድ ዘ ፋርመርስ ዲግ ትሬንችስ» ተብሎ ተጽፎ በገዛ እጄ ሰርዤ አውቃለሁ። ይህ ለእንግሊዝኛ አንባቢ ሰዎቹ ሳይወዱ በግድ ተቆጣጣሪ ቆሞባቸው እንደ ቆፈሩ ይነግረዋል። ሕዝቡ ለራሱ ውኃ ብሎ በፈቃዱ ያዋጣው ጉልበት በአንድ ቃል ምርጫ የግዳጅ ሥራ ሆኖ ሲቀርብ ያሳዝነኛል።

«አስፈረምኩት» የሚለውን አንድ የአማርኛ ቃል እንውሰድ። «አይ ሃድ ሂም ሳይን» ማለት መፈረም የሥራው ወግ ስለሆነ እንዲፈርም አደረግሁ ነው፤ ክርክርም ልመናም የለበትም። «አይ ጋት ሂም ቱ ሳይን» ማለት ለምኜ፣ አግባብቼ ወይም አስረድቼ ነው፤ «ቱ» የምትለው ቃል የምትገባውም እዚህ ብቻ ነው። «አይ ሜድ ሂም ሳይን» ማለት ምርጫ አልሰጠሁትም ነው። አማርኛ ይህን ልዩነት ለአውዱ ወይም ለተጨማሪ ቃል ሲተወው፣ እንግሊዝኛ ገና ግሡን ስትመርጡ እንድትወስኑ ያስገድዳችኋል። ለገበሬዎቹ ዓረፍተ ነገር እኔ የመረጥኩት ሦስቱንም አልነበረም፤ «ዘ ፋርመርስ ቮለንቲርድ ቱ ዲግ ዘ ትሬንችስ» ብዬ ባለቤትነቱን ለገበሬዎቹ መለስኩላቸው።

ሪፖርት ጸሐፊ፣ ከሐዋሳ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አሁን የአስቆፈርን ጉዳይ ገብቶኛል። ይሁንና በዚሁ ሩብ ዓመት ከጉድጓዶቹ መካከል ሁለት ነባሮች ደርቀውብናል፤ አንድ ፓምፕም ተሰርቆብናል። አንድ የቀድሞ የሪፖርት ቅጂ ላይ «ዊ ሃድ ቱ ዌልስ ድራይ አፕ» እና «ዊ ሃድ ኤ ፓምፕ ስቶለን» የሚሉ ዓረፍተ ነገሮች አገኘሁ። በተማርኩት ሕግ ብተረጉመው ሁለት ጉድጓድ አስደረቅን፣ ፓምፕ አሰረቅን ሊሆን ነው። ይህ እንዴት ይሆናል?

የእንግሊዝኛ መምህር፣ ከደሴ

ጥያቄው ወደ ጥልቁ ወስዶናል፤ ደስም ብሎኛል። ያው «ሃቭ» በእኛ ፈቃድ ያልሆነ፣ በእኛ ላይ የደረሰ ነገርንም ይናገራል። አማርኛ ይህን በሁለት መንገድ ይገልጸዋል። አንዱ «ስልኬን ተሰረቅሁ» ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር ቀረብ ብላችሁ እዩት፤ የተሰረቀው ስልኩ ሆኖ ሳለ ግሡ የሚናገረው ስለ እኔ ነው፤ ስልኩም ተሳቢነቱን የምታሳየውን «ን» እንደ ያዘ ቀርቷል። «አይ ሃድ ማይ ፎን ስቶለን» የተዋቀረው በዚሁ ዐይነት ነው፤ እኔ በባለቤትነት ፊት ቆሜአለሁ፣ ስልኬ መካከል አለ፣ የደረሰበት ነገር መጨረሻ ላይ ተነገረ። «ፀጉሬን ተቆረጥኩ» ስንልም ያው ነው፤ ልዩነቱ እዚያ ፈቃዴ አለበት፣ ስርቆቱ ላይ የለበትም። ሁለተኛው መንገድ እርስዎ ሳያስቡት የተጠቀሙበት ነው፤ ደረቁ ሳይሆን «ደርቀውብናል»፣ ተሰረቀ ሳይሆን «ተሰርቆብናል» ብለዋል። በግሡ ውስጥ ያለችው ያቺ «ብ» ጉዳቱ በማን ላይ እንደ ወደቀ ትናገራለች። «ዊ ሃድ ቱ ዌልስ ድራይ አፕ» የሚለው ዓረፍተ ነገር «ሃድ»ን ያስገባው የእኛዋን «ብን» ለማለት ነው። ጉድጓድ በራሱ የሚደርቅ እንጂ የሚያደርቀው ሰው ስለሌለ ደግሞ «ድራይ» በመነሻ ቅርጹ ቆሟል፤ ፓምፑን ግን ሌባ ስለ ወሰደው «ስቶለን» በሦስተኛው ቅርጽ መጣ።

እንግዲህ እኛ «አስ»፣ «ተ» እና «ብ» ብለን የምንለያቸው ሦስት ነገሮች በእንግሊዝኛ አንድ «ሃቭ» ሥር ይኖራሉ። የትኛው እንደሆነ የሚለየው ባለቤቱ ነገሩን ፈልጎት ነበር ወይ ብሎ በመጠየቅ ነው። ማንም ሰው ፓምፑ እንዲሰረቅ ስለማይፈልግ አንባቢው የሚረዳው ተሰረቀብን የሚለውን ነው።

አርታኢ፣ ከአዲስ አበባ

በሰዋስው ከመምህር ጋር እስማማለሁ፤ በሪፖርት ግን አልስማማም። አንድ ጊዜ ጥያቄ የላከ ለጋሽ በሚያነብበት ገጽ ላይ ሁለት ትርጉም የሚችል ዓረፍተ ነገር መተው አይገባም። በዚያው አንቀጽ ላይ «ዊ ሃድ ስሪ ዌልስ ድሪልድ» ብለው ያስቆፈሩትን ተናግረው ሲያበቁ፣ ቀጥለው «ዊ ሃድ ኤ ፓምፕ ስቶለን» ቢሉ አንድ ዐይነት አገባብ አንዴ ለፈቃድ አንዴ ለጉዳት ይውላል። ለወዳጅ ሲነግሩ ይበሉት፤ በሪፖርት ላይ «ኤ ፓምፕ ዋዝ ስቶለን ፍሮም ዘ ሳይት» ብለው ለፖሊስ ያመለከቱበትን ቀን ይጨምሩበት።

«ዊ ሃድ ስሪ ዌልስ ድሪልድ» እና «ዊ ሃድ ድሪልድ ስሪ ዌልስ» ለምን እንደሚመሳሰሉ ለሚጠይቅ ሰው ደግሞ በአጭሩ፦ በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ሃቭ» መያዝ ማለት ነበርና «ደብዳቤው ተጽፎ በእጄ አለ» እንደ ማለት ይነገር ነበር፤ የግሡም ቅርጽ አንዳንድ ጊዜ እንደ ቅጽል ሆኖ ከነገሩ ጋር በጾታና በቁጥር ይስማማ ነበር። ከዚህ ነው ዛሬ «ጽፌአለሁ» የሚለውን ትርጉም የሚሰጠው «አይ ሃቭ ሪትን» ያደገው። ዛሬ ጸሐፊያችንን ያምታቱት ሁለት የቃላት ቦታዎች የጥንት ዘመዳሞች ናቸው።

ሪፖርት ጸሐፊ፣ ከሐዋሳ

አንቀጹን እንደሚከተለው አስተካክዬዋለሁ፤ እባካችሁ እዩልኝ። «ዊ ሃድ ስሪ ዌልስ ድሪልድ ባይ ኤ ኮንትራክተር። ዘ ፋርመርስ ቮለንቲርድ ቱ ዲግ ዘ ትሬንችስ። ዊ ሃድ ዘ ዋተር ቴስትድ ፎር ፍሎራይድ ኤንድ ተርቢዲቲ። ቱ ኦልደር ዌልስ ድራይድ አፕ፣ ኤንድ ኤ ፓምፕ ዋዝ ስቶለን ፍሮም ዘ ሳይት።» ፍሎራይዱን የጠቀስኩት አካባቢያችን በጉድጓድ ውኃ ውስጥ ፍሎራይድ የሚበዛበት ስምጥ ሸለቆ በመሆኑ ለጋሾቹ በየጊዜው ስለሚጠይቁን ነው፤ በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ከፍተኛው መጠን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ስለሆነ ውጤቱንም ከሥሩ አስፍሬአለሁ።

የእንግሊዝኛ መምህር፣ ከደሴ

አንቀጹ ጥሩ ሆኗል። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ። የውኃውን ድፍርስነትና ፍሎራይዱን ሁለቱንም ያስመረመራችሁት በሌላ ሰው ነው? «ሃድ ቴስትድ» ካሉ በሁለቱም ላይ የላቦራቶሪ ደረሰኝ ሊጠየቁ ይችላሉ።

ሪፖርት ጸሐፊ፣ ከሐዋሳ

ስለ ጥያቄው አመሰግናለሁ። ፍሎራይዱን ናሙና ልከን በላቦራቶሪ ነው ያስመረመርነው፤ ድፍርስነቱን ግን በቦታው ላይ በእጅ መለኪያ የለካነው እኛው ነን። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩን ለሁለት ከፍዬ «ዊ ሃድ ዘ ዋተር ቴስትድ ፎር ፍሎራይድ ኢን ኤ ላቦራቶሪ፣ ኤንድ ዊ ሜዠርድ ተርቢዲቲ አወርሰልቭስ አት ዘ ሳይት» ብዬዋለሁ። ሪፖርቱ ነገ ጠዋት ይላካል።